ጭነት ፈታሹ

ወርቅን ቢጫ ያለ፣ ወርቅ ሲደቅ አላየ፤
ከዓይን እስኪሰወር እየተለያየ
በውሃ ሲበተን ከርከዴ ይመስላል።
የእኔ ወርቅ ቀይ ነው፤
አውራ ጣት በምታክል ብልቃጥ ተቀምጦ ከፍሪጅ ውስጥ ይውላል።

ዛሬ ከሰዓት ነው ጋሽ ሙሜ የመጡት፣
ከማራገቢያው ሥር ወንበር የመረጡት።
ሠላሳ አንድ ዓመት በሸመንደፈሩ
ጭነት የፈተሹ፣ ሻንጣ የበረበሩ፣
ጆንያን መታ አርገው በድምፁ የሚያውቁ
ከስኳሩ መሐል ምን እንደደበቁ።

«እኔስ» አሉ ጋሼ፣ ክንዳቸውን ሰጥተው፣
«ኮንትሮባንዲስትን ግንባሩን አይቼው፤
ሲፈራ ያልበዋል።
ደም ግን አያልበው።
አንቺ ልጅ፣ በምንሽ ልትለዪው ነው?»

ልንገርዎ አልኩኝ። በሰውነት አገር
ሴል ሁሉ ዕቃ ይልካል፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር፤
ጤነኛውም ይልካል፣ ካንሰሩም ይልካል፣
የከፋው እንዲያውም አብዝቶ ይጭናል።
ከአረፋ ያነሰች፣ ስብ የለበሰች ጥቅል
በደም ትሳፈራለች፣ ያለ ትኬት፣ ያለ ቃል።
ኤክሶሶም ይሏታል።
ውስጧ ደብዳቤ አለ፣ ላይዋ ላይ ማኅተም፤
የላኪዋን መልክ ሸሽጋ አታውቅም።
ዕጢው ለጣት ሳይደርስ፣ ለራጅ ሳይታይ፣
እሷ ትዞራለች በደም አደባባይ።

ደጫቱን ያውቁታል።
አሸዋ ነው ሲሉት፣ ግመል ሲያልፍበት፣
ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ልጅ ኳስ ሲመታበት፣
ከላይ፣ ከተራራው፣ ሲዘንብ ይመሻል።
እዚህ ማን ይሰማል?
ጎርፉ ሳይደርስ በፊት አንዲት ጭራሮ ናት፣
እፍኝ አረፋ ናት፣
ደረቁን አሸዋ እየላሰች ቀድማ የምትመጣው፤
እኔ የምፈልገው ያቺን ነው፣ ሌላውን አይደለም የማወጣው።

ዝም አሉ ጋሽ ሙሜ።
ክንዳቸው ላይ ያለውን ጥጥ ተጭነው ቆዩ።
«አይቻት ነበረ» አሉ፣ «ያቺን ጭራሮ።
ዘጠና ስምንት ላይ፣ በነሐሴው ሌሊት።
ነፋስ ያመጣት መስሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።
ታናሼ ግን ድልድዩ ሥር…»
አልጨረሱትም። እኔም አልጠየቅሁም።

ደሙን አሽከርክሬ፣ ውሃውን ለይቼ፣
ከቀዩ ወርቅ ጋራ በጠብታ አገናኝቼ
ጠበቅሁ።
ወርቁ ክር ለብሷል። ክሩ ግን ልቡ ሌላ ነው፤
ያቺ ጥቅል ከመጣች፣ ወርቁን ጥሎ ከእሷ ነው የሚጣበቀው።
ከዚያ ጨው እጨምራለሁ።
(«የአፋር ጨው?» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ስንት ፉርጎ መዝኛለሁ!»)
ክር የለበሰ ወርቅ ጨው አይደፍረውም፤
እንደቀላ ይቀራል፣ ምንም አይለውም።
የተራቆተ ግን ተቃቅፎ ይቆማል፤
ቅላቱ ይከዳውና ሰማያዊ ይሆናል።

ጨዉን ጠብ እንዳደረግሁ መብራት ጠፋ።
ማራገቢያው ሁለት ጊዜ ዞሮ ቆመ፤
የድሬ ሙቀት ሳያንኳኳ ገባ።
ወርቅ ግን መብራት ኃይልን አይጠብቅም።
ብልቃጧን ወደ መስኮት፣ ወደ ፀሐዩ አነሳሁ፤
እሳቸውም አብረው አንጋጠጡ።

ቀይ አይደለም። ሰማያዊም አይደለም።
ከዚራ አጥሮች ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚውለው አበባ፣
ሐምራዊ።

«ምን ይላል?»
ገና ሙከራ ነው አልኩ፣ ጋሼ፤
ነገ እደግመዋለሁ። ከዚያ ሐረር ወጥተው በትልቁ መሣሪያ ይታያሉ።
ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ፤
ግንባሬን ያዩ መሰለኝ። አልቦኝ ነበር።
«ፈቲያ» አሉ፣ የእጅጌያቸውን ቁልፍ እየፈለጉ፣
«በአንድ ማኅተም ሰው አይከሰስም፤ እሱን እኛም እናውቃለን።
ጆንያው ግን ይፈታል።»

ኮፍያቸውን ደፉ።
በሩ ላይ ባጃጅ ጠርተው ዋጋ ተከራከሩ፣
በአምስት ብር፣ አምርረው፣ ነገም ከነገ ወዲያም እንደሚሳፈር ሰው።
እኔ በመስኮቱ ብርሃን መዝገቡን ዘርግቼ ጻፍሁ፦
ሙሜ ኢብሳ፣ ሰባ አንድ ዓመት።
ሐምራዊ። ይደገም።